ተበላሸብኝ

ኢንጂነር መኳንንት መሞቱን የሰማሁት አርብ ዕለት፣ ገበያው ከሞላ በኋላ ነው። የነገረኝ ከወገዳ ምስር ጭኖ የመጣ የእህል ነጋዴ ነበር። እንደ ወጉ “ነፍስ ይማር” አልሁ። ነጋዴው ለነፍሱ ጊዜ አልነበረውም፤ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ “ለመሆኑ የኮምፒውተሩን ቁልፍ ለማን ተወው?” አለኝ። ገበያው እስኪበተን ድረስ ይህንኑ የጠየቁኝ ሌሎችም ነበሩ፤ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ የዕድሩ ጸሐፊ፣ አንዲት ፎቶ ቤት ያላት ሴት። ምን ታሞ እንደ ሞተ የጠየቀኝ ግን የለም።

ቁልፉን ለማንም አልተወውም። ቁልፍ የሚሉት የይለፍ ቃሉን ነው። መኳንንት ኮምፒውተር ይሸጥና ይጠግን ነበር፤ በእጁ ባለፈ ማሽን ሁሉ ላይ እሱ ብቻ የሚያውቀውን ቃል ያስገባበታል። ባለቤቱ ሊጽፍበትና ሊያትምበት ይችላል፤ አዲስ ፕሮግራም ልጫንበት ወይም በሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት ላስነሣው ያለ ዕለት ግን መኳንንት ዘንድ መምጣት አለበት። ቃሉን በወረቀት የሚጽፍ ሰው ጅል ነው ይል ስለ ነበር ሁሉንም በጭንቅላቱ ይዞ ሄዷል። ከከተማችን ከአርብ ገበያ እስከ ወገዳ፣ ወዲያ እስከ እስቴም ድረስ፣ እሱ የዘጋቸው ማሽኖች ዛሬም በየጠረጴዛው ላይ አሉ። ባለቤቶቻቸው አቧራቸውን ይጠርጋሉ እንጂ አያዙባቸውም።

የሞተ ሰው አይወቀስም ይባላል። እኔም የተነሣሁት እንደ ነበረ ልጽፈው ነው፤ ወቀሳ ከመሰለ ጥፋቱ የአነባበቡ ነው። በሕይወት ሳለ አንቱ እለው ነበር፤ አንቱታው ለዕድሜውና ለደመወዜ ነበር። አሁን ደመወዝ አይከፍለኝም፤ ስለዚህ እሱ እያልሁ እቀጥላለሁ።

አርብ ገበያ ላይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ “መኳንንት የኮምፒውተር ክሊኒክ” የሚል ታፔላ ነበረው። ክሊኒክ ያለው በቀልድ አይደለም። ነጭ ጋዋን ይለብስ ነበር። በበሩና በጠረጴዛው መካከል የናይሎን ገመድ ወጥሯል፤ ደንበኛ ከገመዱ ወዲያ ቆሞ የማሽኑን ሕመም ይናገራል። ፍላሽ ሲሰጡት በእጁ አይቀበልም። በወረንጦ ይዞ ወደ ብርሃን ያነሣና እንደ ሞተ አይጥ ያገላብጠዋል። “ፍላሽ የመንደር ውሻ ነው” ይል ነበር፤ “ያላሸተተው የለም።” ይህን ሲል ዓይኑ ከፍላሹ ወደ ባለ ፍላሹ ይሄዳል፤ ሰውየውም ያላሸተተውን ነገር ሁሉ እንዳሸተተ ሆኖ ያፍራል።

ኢንጂነር ብሎ የሰየመው ራሱ ነው። አዲስ አበባ ለጥቂት ወራት ኮርስ ወስዶ የተሰጠውን ሰርተፊኬት በመስታወት አድርጎ ከራሱ በላይ ሰቅሎታል። ጋሼ መኳንንት ብሎ የጠራው ሰው መልስ አያገኝም። አንድ ቀን አክስቱ ከእስቴ ድረስ በግ ይዘውለት መጡና ከገመዱ ወዲያ ቆመው “መኳንንት፣ ልጄ፣ እኔ ነኝ” ቢሉት ቀና ሳይል “ወረፋ ይያዙ” አላቸው። ዞር ያለው በጓ ስትጮኽ ነው።

እኔ የጽሑፍ ሥራውን እሠራለት ነበር፤ ማመልከቻ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የዕድር ደንብ። ኮምፒውተር ያወቅሁት አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ከተቀመጥሁ በኋላ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ አግኝቼ፣ በሰው ማሽን እየለመንሁ ነው። እሱ ይህን ስለሚያውቅ ስሜን አንድም ቀን ጠርቶት አያውቅም። ታይፒስት ይለኝ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አንዲት ቃል መናገር አለብኝ፤ የመኳንንት ሃይማኖት የቆመው በእሷ ላይ ነውና። ቃሏ “ተበላሸብኝ” ናት። ደንበኛ ሁሉ ሲገባ የሚላት እሷን ነው። አበላሸሁት የሚል የለም። መኳንንት ይህችን ቃል በሰማ ቁጥር ጋዋኑን ያስተካክልና አንድ ዓይነት ስብከት ይሰብካል።

“በዚህ አገር ሰው አያበላሽም፤ ይበላሽበታል” ይላል። “ብርጭቆ የሰበረ የለም፤ ብርጭቆው ተሰብሮበት ነው። መኪና የገለበጠ የለም፤ ተገልብጦበት ነው። ሰውየው በጎን ቆሞ እያየ ዕቃው በራሱ ጊዜ የሚሞትበት አገር ይኸ ብቻ ነው።”

ከዚያ ወደ ደንበኛው ዞሮ ምን እንደ ነካ ይጠይቀዋል። ደንበኛውም እንደ ተጻፈለት ሆኖ፣ ኧረ ምንም፣ ዝም ብሎ ነው የተበላሸብኝ ይላል። መኳንንት ወደ እኔ ያያል። “ሰማህ፣ ታይፒስት? ዝም ብሎ።”

ትክክል ነበር። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። አንድ መምህር የፈተና ጥያቄዎቹ የጠፉበት ላፕቶፕ ይዞ መጣ፤ ፈተናው በማግሥቱ ነበር። ምንም እንዳልነካ በማርያም ማለ። መኳንንት ማሽኑን ከፍቶ ሲያይ መምህሩ ያለ ሂሳብ የስልክ ካርድ ይሞላል የተባለ ፕሮግራም ከሰው ፍላሽ ላይ ገልብጦ አስነሥቶታል። ማሽኑ ‘ይህን ፕሮግራም ማን እንደ ሠራው አላውቅም፤ ልቀጥል ወይ?’ ብሎ ጠይቆታል፤ እሱም ቀጥል ብሎታል። የተጫነበት ሰዓት ሳይቀር ቁጭ ብሎ ይታያል። መኳንንት ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረለት። መምህሩ አየና፣ “እሱማ በራሱ ነው የተከፈተ” አለ። ዲግሪ ያለው ሰው ነው። ሐቁን ለመናገር እኔም በዚያች ሰዓት መምህሩን ከመኳንንት ባላነሰ ንቄዋለሁ።

እንግዲህ መኳንንት ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ የደረሰበት ፍርድ ይኸ ነው፦ ጥፋቱን የማይሸከም ሰው ቁልፉንም አይሸከምም። ሲሰሙት ያምራል። እኔም ብዙ ጊዜ አምሮኝ ነበር። እንዳያምረኝ ያደረገኝ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ዴስክቶፕ ነው።

ያ ዴስክቶፕ የመጣው አቧራው እንዲጠረግ ብቻ ነበር። ከጀርባው፣ ገመዱ የሚሰካበት አጠገብ፣ የኤሌክትሪኩን ኃይል የሚመርጥ ትንሽ ቀይ መግፊያ አለው፤ እኛ አገር ሁለት መቶ ሃያ ላይ መሆን ይኖርበታል። መኳንንት በብሩሽ ሲጠርግ መግፊያውን ወደ መቶ አሥር ገፋው። አላየውም። ሲሰካው ጧ አለና ከጀርባው ጭስ ወጣ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ከገመዱ ወዲያ ቆሞ ምን ሆነ ብሎ ጠየቀ።

“ተቃጠለ” አለ መኳንንት ቶሎ ብሎ። “ስታመጣውም ሽታ ነበረው።”

ተቃጠለ። ብርጭቆ የሰበረውን ሁሉ በግስ የሚገርፍ ሰው የራሱ ተራ ሲደርስ የነበረው ግስ ይኸው ነው። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ጭራሽ ይቅርታ ጠይቆ ሄደ። እኔ ሰውየውን በደንብ ማየት የጀመርሁት ከዚያን ቀን ወዲህ ነው።

ከዚያ አዲሶቹ ላፕቶፖች መጡ። እነዚህ ገና ሲነሡ የሚያስነሣቸው ሥርዓት የሠራቸው ፋብሪካ የሚያውቀው ፈርማ ያለበት መሆኑን ይመረምራሉ፤ ፈርማ ካላዩበት አይነሡም። ነገሩ የተሠራው ሌባ ፕሮግራም ከሥር ሰርጎ እንዳይገባ ነው፤ ክፉ አሳብ አይደለም። መኳንንት ግን ይህን ያወቀ ዕለት እንደ ተገለጠለት ባሕታዊ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ‘ፋብሪካው’ ሳይል ውሎ አያድርም። ፋብሪካው ካልፈቀደ አይሆንም። ፋብሪካው ያውቃል። ፋብሪካው እናንተን ሳያውቅ አልቀረም። የሰዎቹን ፊት አይቶ የማያውቅ፣ እነሱም እሱን የማያውቁት፣ ወኪላቸው እንኳ ያልሆነ ሰው ስለ ፋብሪካው ሲናገር ትናንት አብረው እራት የበሉ ይመስላል። አንድ የገብስ ገበሬ ለዕድር ማሽን ሊገዛ መጥቶ ሲሰማው ቆየና፣ “ይኸ ፋብሪካው የሚሉት ሰውዬ ዘመድዎ ነው፣ ኢንጂነር?” አለው። ቤቱ ሳቀ። መኳንንት አልሳቀም፤ ማሽኑንም ለገበሬው አልሸጠለትም።

መሪጌታ ልሳነ ወርቅን ያወቅኋቸው በዚሁ ሰሞን ነው። ወደ ስማዳ ግድም ካለች አንዲት የገጠር ደብር ነው የሚመጡት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ፣ ሲስቁ ግን ቤት የሚሞሉ ሰው ናቸው። የደብሯ የድጓ መምህር፣ ሁሉም የኔታ ብቻ የሚላቸው ሽማግሌ፣ የእሳቸውም መምህር ናቸው። የኔታ በወጣትነታቸው እዚሁ አገራችን ወዳለችው የድጓ ማስመስከሪያ፣ ወደ ቤተ ልሔም፣ ወርደው አስመስክረው የመጡ ናቸው፤ ድጓ የተማረ ሰው እዚያ ቀርቦ ዜማውን ካላስመሰከረ መምህር አይባልምና።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የኔታ ዓይናቸው እየደከመ ነው። ድጓቸውን፣ የዓመቱ ዜማ የተሰበሰበበትን መጽሐፍ፣ የጻፉት በገዛ እጃቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉም በየኅዳጉ ሲያርሙት ኖረዋል፤ የተደራረበውን እርማት ከሳቸው በቀር አጥርቶ የሚያነበው የለም። ድጓ ደግሞ ፊደሉ ብቻውን አይበቃም፤ ከፊደሉ ራስ ላይ ድፋቱ፣ ቅናቱ፣ ጭረቱ፣ ይዘቱ መቀመጥ አለበት፤ ምልክቱ አንድ ፊደል አልፎ ካረፈ ዜማው ሌላ ነው። የኔታ የፈለጉት አንድ ነገር ነው፦ እርማቱ ሁሉ የገባበት ንጹሕ ቅጂ ተሠርቶ፣ ዓይናቸው ሳለ ራሳቸው ገጽ በገጽ አይተው ይኸ የእኔ ነው እንዲሉት። ያ ካልሆነ እርማቱ ከሳቸው ጋር ይቀበራል። መሪጌታ እንቅልፍ ያጡት በዚህ ነበር።

ሰበካ ጉባኤው ከመኳንንት ቤት አዲስ ላፕቶፕ ገዛላቸው። ከየኔታ ዘንድ ዜማ ተምሮ በኋላ ዩኒቨርሲቲ የገባ አንድ ልጅ ደግሞ የዜማ ምልክቱን ከፊደሉ ራስ ላይ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ሠራ፤ ፕሮግራሙ ማሽኑን በራሱ ሥርዓት ከሚያስነሣ ሲዲ ጋር አንድ ላይ ነው። ነጻ ነው፤ ገዥም ሻጭም የለውም። ፈርማም የለውም። መሪጌታ ሲዲውን ሲያስገቡ ላፕቶፑ አልነሣም አለ።

አርብ ዕለት ገመዱ ጋ ደረሱ። መኳንንት ሲዲውን በወረንጦ ያዘ። የማን ፈርማ እንዳለበት ጠየቀ። ተማሪያችን የሠራው ነው አሉት። መኳንንት ሲዲውን መልሶ ከገመዱ በላይ አንጠልጥሎ ዘረጋላቸው፤ ፋብሪካው የማያውቀው ነገር በዚህ ማሽን አይነሣም አለ። መሪጌታ የኔታን ነገሩት፤ ዓይናቸውን፣ ኅዳጉን፣ ሁሉንም ነገሩት። እሱ ሰማ፤ ስለ ሰማም የሚያኮራውን ነገር አገኘ።

“መሪጌታ፣ እርስዎ ሊቅ ነዎት፤ ልጠይቅዎት” አለ። “የኔታ ቤተ ልሔም ባያስመሰክሩ ኖሮ መምህር ትሏቸው ነበር?”

“አንልም።”

“ለምን? ፈርማ የላቸውማ። እንግዲህ ፋብሪካው የኮምፒውተር ቤተ ልሔም ነው። እናንተ ያላስመሰከረ ዘማሪ አትቀበሉም፤ ማሽኑም ያላስመሰከረ ፕሮግራም አይቀበልም። ምን ይለያል?”

ብልህ ንግግር ነበር፤ በዚያ ቤት ከሰማኋቸው ሁሉ ብልሁ። መሪጌታ ነጠላቸውን አጣፉ። ከዚያ ሳቁ፤ ሳቃቸው የፌዝ አልነበረም።

“ደግ ብለሃል፣ ኢንጂነር” አሉ። “ቤተ ልሔም ግን ያላስመሰከረውን ሰው ጉሮሮውን አትይዘውም። መምህር አትለውም እንጂ ያዜማል። ሲስት ይሰማል፤ ስሕተቱም በገዛ ስሙ ይጠራል። ያስመሰከረውም ቢሆን ድጓውን ተሸክሞ አገሩ ይገባል። አፉን በከፈተ ቁጥር ፈቅዳችሁልኛል ወይ ብሎ አይልክም።”

“ሲያበላሽስ? ማን ይጠየቃል? ይዛችሁት የምትመጡት እኔ ዘንድ ነው።”

“ካበላሸን እኛ ነን።”

“ሁሉም እንዲያ ይላል። ሲመጣ ግን ተበላሸብኝ ነው የሚለው። እኔ ይህን ሕዝብ አውቀዋለሁ።” ወደ ገመዱ እጁን ዘረጋ፤ ሕዝቡ እዚያው ቆሟል። “ፋብሪካውማ ሞኝ ነው። ይህን የፈርማ መዝጊያ ለባለቤቱ ትቶት ነበር፤ ከፈለገ ይክፈተው፣ ከፈለገ ይዝጋው ብሎ። እኔ ነኝ በላዩ ቁልፍ ያደረግሁበት። ለዚህ ሕዝብ የሚተው ነገር ነው እንዴ?”

ምን እንዳለ የገባው ከተናገረው በኋላ ነው። ስንት ጊዜ ‘ፋብሪካው አልፈቀደም’ ያለን ሰውዬ፣ ፋብሪካው ፈቅዶ እሱ መከልከሉን በንቀቱ ብዛት ራሱ ነገረን።

“እንግዲያው” አሉ መሪጌታ ረጋ ብለው፣ “ፋብሪካው እንኳ ያመነንን አንተ ነህ ያላመንኸን።”

ከኋላ አንድ ሰው፣ ከመሪጌታ ቀጥሎ የእኔንም ይክፈቱልኝ አለ። ሌላው እኔም አለሁ አለ። መኳንንት የከፈተላቸው በዚህ ምክንያት ነው። የሽማግሌው ዓይን አላሳዘነውም፤ የመሪጌታም ነገር አልረታውም። አሳቡ ወደ ወረፋው ሳይዛመት መሪጌታን ከቤቱ ለማስወጣት ፈለገ። ጀርባውን ሰጥቶን ቃሉን አስገባ፣ መዝጊያውን አነሣ፣ ላፕቶፑን በገመዱ ላይ አሻግሮ ሰጣቸውና፣ ከዛሬ ጀምሮ ሞቱም ሽረቱም የእናንተ ነው አላቸው። ለቀሩት፣ ‘የእናንተ ማሽን ዓይነቱ የተለየ ነው’ ብሎ ወደየመጡበት መለሳቸው። አመኑት። ይህን ሕዝብ አውቀዋለሁ ያለው አለነገር አልነበረም።

የደብሩ ሥራ ግን ተጀመረ። የድጓው የመጀመሪያ ክፍል፣ ዮሐንስ፣ ተጽፎ አለቀ፤ እኔ አትሜላቸዋለሁ። የኔታ ወረቀቱን ከአፍንጫቸው አስጠግተው ገጽ በገጽ አይተው የእኔ ነው አሉ። ቀጥሎ ሁለተኛው ክፍል፣ አስተምህሮ፣ ተጀመረ። ወደ መጨረሻው ሲደርስ፣ መሪጌታ ለቅሶ ሄደው በዋሉበት ቀን፣ በማሽኑ ይጽፍ የነበረው የደብሩ ዲያቆን ከገበያ ያገኘውን ሲዲ አስገባ። ፊልም የሚያሳይ ፕሮግራም መስሎት ነበር፤ ማሽኑን እንደ አዲስ የሚጭን ሲዲ ነው። በእንግሊዝኛ ‘ያለው ሁሉ ይጥፋ?’ ብሎ ጠየቀው። ልጁ የመጀመሪያውን ቃል ብቻ አንብቦ አዎ አለ። የዮሐንሱ ክፍል በወረቀትም በሲዲም ተቀምጦ ነበር። አስተምህሮ ግን ከዚያ ማሽን በቀር የትም አልነበረም። የኔታም በዚያን ጊዜ ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር አያዩም።

መሪጌታ የሚቻል ነገር ካለ ይመልስልን ብለው ወደ መኳንንት ላኩ። ለማንም ከገመዱ ወዲያ ወጥቶ የማያውቀው ሰው በማግሥቱ እሄዳለሁ አለ። እኔንም ዕቃ እንድይዝለት ወሰደኝ። ደግነት እንዳይመስላችሁ። የአይሱዙው ጋቢና ውስጥ፣ በዚያ ጉድጓድ መንገድ እየተናጥን፣ ምን እንደሚሉና እሱ ምን እንደሚመልስ እየተጫወተ ሄደ። ተበላሸብን ይላሉ። እሱ ‘ዝም ብሎ?’ ይላል። ፕሮግራሙን ማን አስነሣው ብሎ ይጠይቃል። በራሱ ነው የተነሣ ይላሉ። ያኔ ስለ ቤተ ልሔም የተነገረውን ቃል በቃል ያስታውሳቸዋል። መኪናው ሲዘል ጭንቅላቱ ጣራውን እየመታው እንኳ ደስታው አልቀነሰም። ከጋዋኑ ላይ ሌላ ጋዋን የደረበ ሰው ይመስል ነበር።

መኪናው ከቆመበት በእግር ወጣን። ጉባኤ ቤቱ ጋ ስንደርስ መሪጌታ ከደጅ ተቀበሉን። መኳንንት ሰላምታውን እንኳ አላስጨረሳቸውም።

“ምን ሆነ?” አለ።

“አበላሸነው” አሉ መሪጌታ።

መኳንንት እንደ ልማዱ ጋዋኑን ለስብከት ማስተካከል ጀምሮ ነበር።

“ልጁ ነው የነካው” አሉ ቀጥለው። “ማሽኑን ለልጅ ትቼ የሄድሁ፣ ሌላ ቦታ ሳላስቀምጥ የቀረሁ እኔ ነኝ። አስጠንቅቀኸን ነበር፤ እውነትህን ነበር። የሚመለስ ነገር ካለ እይልን፤ ከሌለም ንገረን።”

ዲያቆኑ ከኋላቸው ቆሟል፤ ዓይኑ እንደ በርበሬ ቀልቷል፤ እሱም እኔ ነኝ ያጠፋሁት አለ። መኳንንት አንዴ ወደ እሱ አንዴ ወደ መሪጌታ ያያል። ከአርብ ገበያ ጀምሮ የተሸከመው ስብከት ሁሉ በእጁ ቀረ፤ የሚያስቀምጥበት አጣ። ሲናደድ አይቼዋለሁ፣ ሲዋሽ አይቼዋለሁ፤ እንዲያ ሥራ ፈትቶ ግን አይቼው አላውቅም። በመጨረሻ “ማሽኑን አምጡት” አለ።

በሶላር በሚሞላው ባትሪ ላይ ሰክቶ ብዙ ቆየ። ያለውን ዘዴ ሁሉ ሞከረ፤ በዚህ አላማውም። አዲሱ ሥርዓት በላዩ ስለ ተጻፈበት የተገኘው ቁርጥራጭ ፊደል ብቻ ነው። የለም አለ። ከዚያ የሚያውቀውን ነገር ሲያገኝ ፊቱ ተመለሰለት፤ መልሼ ልዝጋው አላቸው።

መሪጌታ መዘጋቱን አልጠሉትም። “ተማምነን በለቀቅነው ማሽን ይኸው ጥፋት አጠፋን፤ ይዘጋ” አሉ። “ቃሉን ግን የኔታና እኔ እንምረጠው፤ አንተ አሠራሩን አሳየን። ቅዳሜ ቅዳሜም የተጻፈውን በሲዲ እየገለበጥን ዕቃ ቤት እናስቀምጣለን።” መኳንንት፣ “ቃሉን እኔ ካላወቅሁት፣ ብትረሱት ማን ይከፍተዋል?” ብሎ ተከራከረ። “ከረሳነው የረሳነው እኛ ነን” አሉት። አሳያቸው። ሲያሳይ እያንዳንዱን ቃል እንደ ጥርስ እየነቀለ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን የኔታ ከውስጥ፣ ከመደባቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ማሽኑ ምን እንደ ሰጠ አልጠየቁም። አስተምህሮን ከቃላቸው ጀምረውታል፤ ተማሪዎቹ ዙሪያቸውን ተቀምጠው ምልክቱን እየተከተሉ ይጽፋሉ። እኛም መዝጋቱ እስኪያልቅ ከደጃፉ ቆመን ሰማን። አንድ ቦታ ላይ ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ገና ጢም ያላወጣ፣ እጁን አነሣ። አያዩትም፤ እሱ ግን አነሣ።

“የኔታ፣ እዚህ ላይ አምና ሲያርሙን ድፋት ነው ብለውን ነበር” አለ።

የኔታ ዜማውን አቆሙ። ያችን ስንኝ በለሆሳስ መልሰው አዜሟት፤ እንደገናም አዜሟት።

“እውነትህን ነው” አሉ። “እኔ ነኝ የሳትሁ። በድፋት ጻፈው።”

ብዕሮቹ ተንቀሳቀሱ፤ ዜማው ቀጠለ። አስተምህሮ ያለቀው እንዲህ ነው፤ ከዚያም የመጨረሻው ክፍል፣ ፋሲካው። ቀን ተጽፎ ማታ ይነበብላቸዋል፤ በዓይናቸው ያላዩትን በጆሯቸው አይተው የእኔ ነው ብለውታል። በማሽኑ የጻፈው ያው ዲያቆን ነው። መኳንንት መጽሐፉን አላየውም፤ አሳዩኝም አላለ።

በዚያን ቀን ማሽኑን ዘግተን ወደ መኪናው ወረድን። መሣሪያውን እኔ ይዣለሁ፤ እሱ ከፊቴ፣ ጋዋኑን ጭቃ እንዳይነካው በሁለት እጁ ሰብስቦ ይራመዳል። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።

“ታይፒስት።”

“አቤት።”

“ሽማግሌውን ያረማቸው ልጅ፣ ሌላ ቦታ የተማረ ነው?”

“አይደለም። ራሳቸው ያስተማሩት ነው።”

የሆነ ነገር የገባው፣ ወይም ሊገባው የተቃረበ መስሎኝ ጠበቅሁት።

“ታዲያ መምህርነታቸው ምኑ ላይ ነው?” አለና መንገዱን ቀጠለ።